ኤምቢድ «ድኗል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ፊዚዮቴራፒስት ስለሆንኩ የፊላደልፊያ ሰቨንቲ ሲክሰርስ ቅርጫት ኳስ ቡድን ደጋፊ ወዳጆቼ የውድድር ዘመኑ ሊጀመር ሲል «ዘንድሮስ?» ይሉኛል። ስጋታቸው ይገባኛል። በ2024-25 ከ82 ጨዋታ ጆኤል ኤምቢድ 19፣ ፖል ጆርጅ 41፣ ታይሪስ ማክሲ 52 ብቻ ተሰለፉ። ቡድኑ 24 አሸንፎ 58 ተሸነፈ። ያ ሁሉ ችሎታ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዋለ!

የኤምቢድን ግራ ጉልበት እንይ። በውስጡ ያለው ሜኒስከስ በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል እንደ ትራስ የተነጠፈ ልም አጥንት ነው፤ ተጫዋቹ ዘሎ ሲያርፍ ጫናውን ይበትናል። ደም በደንብ የሚያገኘው ጠርዙ ብቻ ስለሆነ ውስጠኛው ክፍል ከተቀደደ በቀላሉ አይገጥምም። ኤምቢድ በ2024ም በ2025ም በዚሁ ጉልበት ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል።

ስለዚህ «ድኗል» ማለት «እንደ ድሮው ሆነ» ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ጉልበት ብዙ ጊዜ የሚያብጠው በማግስቱ ነው። ጠዋት አንዱን ጎን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርግ ፈሳሹ በሌላው ጎን ጉብ ይላል። ማታ ተጫውቶ በማግስቱ ያረፈን ሰው እባካችሁ ሰነፍ አትበሉት።

እኔ ከኤምቢድ 82 ጨዋታ አልጠብቅም። 55 ተጫውቶ ለሚያዝያው ጥሎ ማለፍ በሁለት እግሩ ቆሞ ቢደርስ ደስታዬ ወደር የለውም።