«15 በመቶ» ሲባል ከስንቱ ነው?

በካዛንቺስም ሆነ በሌላው የቂርቆስ አካባቢ ለእናቶችና ለሕፃናት የእርዳታ ዕቅድ ስታዘጋጁ «በአዲስ አበባ የቀነጨሩ ሕፃናት 15 በመቶ» የሚል ቁጥር ያጋጥማችኋል። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የተገኘ ነው። በዚያው ሠንጠረዥ የአገሪቱ 38፣ የአማራ ክልል 46 በመቶ ነበር። ታዲያ «ከተማችንስ ደህና ናት» ብለን እንለፈው?

በመጀመሪያ «ከስንቱ?» ብላችሁ ጠይቁ። መቶኛው የተሰላው ከአምስት ዓመት በታች ሆነው ቁመታቸው ከተለካ ሕፃናት ነው። የቀነጨረ የሚባለው ቁመቱ ለዕድሜው ከተቀመጠው ልክ እጅግ ያነሰ ልጅ ነው። በሚገባ ተመግበው ባደጉ ሕፃናት መካከል እንኳ በተፈጥሮ እዚህ ወለል ሥር የሚወድቁ ከመቶ 2 ወይም 3 ይገኛሉ። ስለዚህ 15 ማለት የዚህ ቢያንስ አምስት እጥፍ ነው። ጥቂት አይደለም! መቀጨጭ ደግሞ ሌላ ዓምድ ነው፤ ክብደትን ከቁመት ጋር አነጻጽሮ የቅርብ ጊዜ ረሃብን ወይም ሕመምን ያሳያል።

ከሁሉ በላይ ግን በሠንጠረዡ ውስጥ «ካዛንቺስ» የሚል መስመር የለም። አዲስ አበባ በአንድ መስመር ተጠቃልላለች፤ የቦሌ ቪላ ልጅና የቀበሌ ቤት ልጅ እዚያ አንድ ላይ ተቆጥረዋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ የካዛንቺስ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል። ስለ ሰፈራችሁ ለማወቅ የጤና ጣቢያውን መዝገብ ጠይቁ። መዝገቡ የያዘው ግን የመጡትን ብቻ ስለሆነ፣ ቤት ለቤት የሚዞሩትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም አነጋግሩ።