«ድኗል» ከተባለ በኋላ፦ ከደም ካንሰር የተረፉ ሕፃናት ኑሮ

አንድ ሕፃን ከደም ካንሰር ዳነ ሲባል ወላጅ በደስታ ያለቅሳል፣ ጎረቤት እልል ይላል፣ በጉባኤ መካከልም ምስክርነት ይሰማል። ደስታው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ያ ሕፃን ከዚያ በኋላ እንዴት ያድጋል? እንዴት ይማራል? ጎልማሳ ሲሆንስ ጤናው ምን ይመስላል? ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ተመራማሪዎች ግን ይህን ጥያቄ ከያዙት ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታው ምንድን ነው?

ሉኪሚያ ወይም የደም ካንሰር ደም በሚመረትበት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ይጀምራል። ያልበሰሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ያለ ልክ ይባዙና የጤነኞቹን ቦታ ይይዛሉ። በመሆኑም ሕፃኑ ይገረጣል፣ ይደክመዋል፣ ትኩሳት ይመላለስበታል፣ በቀላሉ ይደማል፣ አጥንቱንም ያመዋል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ወላጆች «ምን በድለን ነው?» ብለው ራሳቸውን ሊወቅሱ አይገባም።

ሕክምናው የተገኘበት መንገድ

በ1948 ሲድኒ ፋርበር የተባለ የቦስተን ሐኪም አሚኖፕተሪን የተባለ መድኃኒት በሽታውን ለጊዜው ሊገታ እንደሚችል አሳየ። ነገር ግን በሽታው ከወራት በኋላ ይመለስ ነበር። በ1962 በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ የሴንት ጁድ የሕፃናት ምርምር ሆስፒታል ሲከፈት፣ በልጆች ላይ በብዛት ከሚታየው የሉኪሚያ ዓይነት የሚተርፉት ከ100 ሕፃናት 4 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

የሆስፒታሉ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ዶክተር ዶናልድ ፒንከል ብዙ መድኃኒቶችን አንድ ላይ መስጠት ጀመረ። መድኃኒቱ ወደ አንጎል በደንብ ስለማይደርስና በሽታውም እዚያ ተደብቆ ስለሚመለስ፣ የሕፃናቱ ራስ በጨረር እንዲታከም አደረገ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው ሕክምና ከታካሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ዳኑ። ዛሬ በበለጸጉ አገሮች ከ100 ሕፃናት 90 ያህሉ ይተርፋሉ።

የመዳን ዋጋ

ሕፃናቱ ሲያድጉ ሌላ ነገር ታየ። ጨረሩ በተለይ በትንሽነታቸው በታከሙት ላይ ትኩረትንና የማስታወስ ችሎታን ቀነሰ፤ ቁመታቸው እንዳይጨምር አደረገ፤ በአንዳንዶቹም ላይ ከዓመታት በኋላ የአንጎል ዕጢ አስከተለ። እንደ ዶክሶሩቢሲን ያሉ መድኃኒቶች ልብን ሊያደክሙ ይችላሉ። ዴክሳሜታዞን አጥንትን፣ ቪንክሪስቲን ደግሞ የእጅና የእግር ነርቭን ሊጎዳ ይችላል።

በ1994 በሰሜን አሜሪካ በሺዎች የሚቆጠሩ ከልጅነት ካንሰር የተረፉ ሰዎችን የሚከታተል ትልቅ ጥናት ተጀመረ። በ2006 ከዚሁ ጥናት በወጣው ውጤት፣ የልጅነት ካንሰርን ካሸነፉ ከ10 ሺህ በላይ ጎልማሶች መካከል 62 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ የቆየ የጤና ችግር ነበረባቸው።

ይህ ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም፤ ጥናቱ ሕክምናውን ራሱን አሻሽሏልና። በ2009 የሴንት ጁድ ሐኪሞች መድኃኒቱ በጥንቃቄ ከተመጠነ የራስ ጨረር ለሁሉም ሕፃናት ሊቀር እንደሚችል አሳዩ። የመትረፍ ዕድላቸውም ከ90 በመቶ በላይ ሆነ። በመሆኑም ዛሬ የሚታከም ልጅ ከቀደሙት ያነሰ ጉዳት ይዞ ያድጋል። ከተረፉትም ብዙዎቹ ተምረው፣ ሥራ ይዘው፣ ትዳር መሥርተው ይኖራሉ።

እኛስ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሕክምና አይቋረጥ። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ በምርመራም ካንሰሩ ላይታይ ይችላል። ነገር ግን የቀሩት ጥቂት ሕዋሳት ተመልሰው እንዳይባዙ ሕክምናው ከ2 እስከ 3 ዓመት ይቀጥላል። ስለ ልጁ እየጸለይን «ተፈውሷል» ብለን መድኃኒቱን ብናስቆም ግን ያተረፍነውን ልጅ መልሰን ልናጣው እንችላለን።

ሁለተኛ፣ የሕክምናው ማስረጃ ይቀመጥ። የተሰጠው መድኃኒት፣ መጠኑና ጨረር ካለ እሱም የተጻፈበትን ወረቀት ወላጅ ከልደት ካርድ ጋር ያኑረው። ልጁ ካደገ በኋላ ልቡን ለሚመረምረው ሐኪም፣ ሴት ከሆነችም በእርግዝናዋ ጊዜ ለሚከታተላት ሐኪም ይህ ወረቀት እጅግ አስፈላጊ ነው።

ሦስተኛ፣ በትምህርት ቤትም ሆነ በሰንበት ትምህርት ክፍል ይህን ልጅ የምናስተምር ሰዎች «ሰነፍ ነው» ለማለት አንቸኩል። መልስ ለመስጠት የሚዘገየው አእምሮው በሕክምናው ስለደከመ ሊሆን ይችላል። ተጨማሪ ጊዜ መስጠትና ከፊት ማስቀመጥ ገንዘብ አይጠይቅም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በበለጸጉ አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ሲድኑ፣ በብዙ ድሃ አገሮች የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ከምክንያቶቹ አንዱ ሕክምናን ጀምሮ ማቋረጥ ነው። ከክፍለ ሀገር ልጁን ይዞ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሚመጣ ወላጅ ማደሪያ፣ ምግብና የትራንስፖርት ገንዘብ ሕክምናውን የመጨረስና የማቋረጥ ልዩነት ሊሆን ይችላል። በአጥቢያችን እንዲህ ያለ ቤተሰብ ካለ፣ ስለ ልጁ የምንጠይቀው በታመመበት ሳምንት ብቻ አይሁን፤ ከዳነ ከ5 ዓመት በኋላም «እንዴት ነህ?» እንበለው።