የአውሊያ መቃብርና የሲራራ መንገድ

ወደ ጅጅጋና ወደ አካባቢዋ ከተሞች ሸቀጥ የሚልክ ነጋዴ፥ የመንገዱን ርቀት፥ የመኪናውን ኪራይና የጉምሩኩን ሥርዓት አስቀድሞ እንደሚያጠና የታወቀ ነው። የአገሩን የዚያራ ወራት ቈጥሮ የሚነሣው ግን ጥቂቱ ነው። ይህም ጉድለት መሆኑን ለመረዳት የከተሞቹን አመሠራረት መመልከት ይበቃል።

ጅጅጋ የመንግሥት ከተማ ናት። በጦር ሠፈርነት ጀምራ፥ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ገዥዋ በነበሩበት ጊዜ ጐዳናዎችዋ በቀጥታ መሥመር እንደ ተቀየሱ ይነገራል። ከእርስዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ በቦራማ አቅጣጫ የምትገኘው አውበሬ ግን አወላለድዋ ሌላ ነው። በካርታ ላይ ተፈሪ በር ተብላ ብትጻፍም፥ ሕዝቡ የሚጠራት በዚያው በተቀበሩት ሼክ በአው በሬ ስም ነው። «አው» በሐረሪ ቋንቋ አባት ማለት ሲሆን፥ ሶማሌዎችም ለሃይማኖት ሊቅ በማዕርግነት ይሰጡታል። በዚያው ወረዳ ያለችው አውቡቤም ስምዋን ያገኘችው እንዲሁ ከአንድ ሼክ ነው። ከድንበሩ ማዶ ሐርጌሳን ብንመለከት፥ በሐረር የተማሩት ሼክ መደር በ19ኛው መቶ ዓመት የቃዲሪያ ደቀ መዛሙርታቸውን ይዘው ከበርበራ ወደ ሐረር በሚወስደው የሲራራ መንገድ ላይ ሰፈሩ፤ ገበያውም ተከትሎ መጣ።

ነጋዴ ከአውሊያ አጠገብ የሚሰፍረው ስለ ምን ነው? ዛሬ ዕቃችንን በኢንሹራንስ እናስጠብቃለን። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1854 መጨረሻ ከዘይላ ተነሥቶ በጅጅጋ ሜዳ በኩል ወደ ሐረር ሲጓዝ ግን ዋስትናው «አባን» የሚባለው ሰው ነበር። አባን የእንግዳ ነጋዴ አስተናጋጅ፥ ደላላና ጠባቂ ነው፤ እንግዳውን የነካ አባኑን እንደ ነካ ይቈጠራል። የአባኑ ኃይል ግን ከጎሣው ወሰን አያልፍም። የሼኩ መቃብር በአንጻሩ የአንድ ጎሣ ብቻ ንብረት ባለመሆኑ፥ የተጣሉ ሰዎች ሳይቀሩ በአንድነት የሚቆሙበት ስፍራ ነው። አርብቶ አደሩም ወደ ሩቅ ግጦሽ ሲሄድ ሊሸከመው ያልቻለውን ዕቃ በአውሊያው ጥላ ሥር ትቶ የመሄድ ልማድ አለው፤ ከዚያ የሚሰርቅ ሰው እርግማኑን ይፈራልና። መጋዘን ሠርቶ፥ ቁልፍ ገዝቶ፥ ዘበኛ ቀጥሮ ዕቃ የጐደለበት ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ዚያራን ሶማሌዎች «ሲያሮ» ይሉታል። ሕዝቡ በየዓመቱ በመቃብሩ ዙሪያ ተሰብስቦ ቁርአን ይቀራል፥ ዚክር ያደርጋል፥ ቀሲዳ ያሰማል። ከብት ታርዶ የመጣው ሁሉ ይበላል፤ ድኻም ባለጸጋም ከአንድ ገበታ ይቀርባሉ። ሴቶቹ «ሲታት» በሚባለው ዜማቸው እናታችን ሐዋንና ፋጡማን ያወድሳሉ። ዕጣኑ ይጤሳል፥ ጫቱ ይቀርባል፥ በቅቤ የተጠበሰው የቡና ፍሬ ይዞራል። ለባለ ሱቅ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም፤ ስኳር፥ ሻይ ቅጠል፥ ሩዝ፥ ቅቤ፥ ነጭ ጨርቅ፥ በግና ፍየል በጥቂት ቀን ውስጥ በብዛት ይፈለጋሉ። በዚህ ቀን ዋጋ ከፍ የሚያደርግ ሰው ግን ነገሩን ይመርምር፤ ገዢው ለራሱ ሳይሆን ለምጽዋት የሚገዛ ነውና ዋጋውን ለረዥም ጊዜ ያስታውሳል።

ተጓዡ ከአውበሬ አልፎም ይሄዳል። በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ሐርጌሳ የሚሻገረው፥ ከከተማይቱ ወጣ ብሎ ያለውን የአው በርኸድሌን መቃብር ይዘይራል። እኒህ ሼክ የዐረብኛን ፊደል ንባብ በሶማሊኛ ያስተማሩ ናቸው ይባላል፤ ሦስት ጊዜ የዘየራቸው ሰው አንድ ጊዜ መካ እንደ ደረሰ የሚቈጥሩም አሉ። በደቡብ በኩል በቁሉንቁል እ.ኤ.አ. በ1882 ያረፉት ሼክ አብዱራሕማን አዘይለዒ አሉ። በምዕራብ ደግሞ ከጅጅጋ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ሐረር ከአው አባድር መቃብር ጋር ትገኛለች። የሐረር የሸዋሊድ በዓል እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ መዝገብ ሲገባ፥ በዓሉ የሚከበረው በአው ሹሉም አሕመድና በአው አቅበራ መቃብሮች መሆኑን ብዙ ሰው ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

ሁሉም በዚህ ልማድ አይስማማም። መቃብር መዘየርን ከሃይማኖቱ የወጣ ፈጠራ የሚሉ መምህራን አሉ፤ ክርክሩም በመስጊድ ብቻ ሳይሆን በየቤቱ ይሰማል። በቃል ሳይወሰን የቀረበት አገርም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በሶማሊያ ኪስማዮ አልሸባብ የሱፊ መቃብሮችን አፍርሷል። ንግድ ምክር ቤት በሃይማኖት ክርክር ውስጥ ዳኛ ሊሆን አይገባውም። ሆኖም አንድ መቃብር ሲፈርስ የተጣሉ ሰዎች የሚታረቁበት፥ አደራ የሚቀመጥበትና ገበያ የሚቆምበት ስፍራም አብሮ እንደሚፈርስ ለመናገር የፊቅህ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ለአስመጪዎች አንድ ነገር እናሳስብ። በሒጅራ አቈጣጠር የሚከበር ዚያራ በእኛ አቈጣጠር በየዓመቱ ወደ ኋላ አሥራ አንድ ቀን ያህል ይመለሳል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ደብተር ላይ ያለውን ቀን ይዞ ስኳር የሚያዝ ነጋዴ፥ ዕቃው አውበሬ የሚደርሰው እንግዶቹ ተመልሰው፥ ምድጃው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ትክክለኛውን ቀን ለማወቅ የሚሻ ሰው የመቃብሩን ጠባቂዎች አስቀድሞ ይጠይቅ።