ያውቁ ኖሯል? ጣና በብርዱ ወር

ያውቁ ኖሯል፣ በቀዝቃዛ አገሮች የሚኖሩ ብዙ ጠላቂ ዋናተኞች በጀልባ ወደ ባሕር ለመውጣት ብርዱን ወር እንደሚመርጡ? የፀሐይ ብርሃን ሲያንስ ውሃውን የሚያደፈርሱት ደቃቅ ዕፅዋት ይሳሳሉ፤ ዓይንም ሩቅ ያያል። አይስላንድ ውስጥ ሲልፍራ በሚባለው የመሬት ስንጥቅ ውሃው ዓመቱን ሙሉ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነው፤ ጥራቱ ግን ከ100 ሜትር በላይ ያሳያል።

ከፎገራዋ ወረታ ከተማ ተነሥቶ ጣና ላይ ለመውጣት ለሚያስብ ሰው ይህ ስሌት የሚሠራው በከፊል ነው። ብርዱ ወር ለጀልባ ጥሩ ነው፤ የውሃው ውስጥ ግን ያው አይታይም።

ያውቁ ኖሯል፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ባሕር ዳር ላይ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ የሐይቁ ውሃ ከ20 ዲግሪ በታች እምብዛም እንደማይወርድ? ማለዳ ጀልባው ላይ ጋቢ ተከናንቦ የሚንቀጠቀጥ መንገደኛ እጁን ውሃው ውስጥ ቢነክር ለብ ያለ ሆኖ ያገኘዋል።

ያውቁ ኖሯል፣ ይህ ሁሉ የውሃ ስፋት ጥልቀቱ 15 ሜትር እንኳ እንደማይሞላ? ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን ከ8 እስከ 9 ሜትር ነው። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የሥሩ ደለል ይነሣል። ከጉና ተራራ የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች ደግሞ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው በየክረምቱ አፈር ያስገቡበታል። መነጽር አድርገው ቢጠልቁ የራስን ክንድ አጥርቶ ማየት ራሱ ዕድል ነው።

ያውቁ ኖሯል፣ ጠላቂዎች ጀርባቸው ላይ የሚያዝሉት ሲሊንደር አብዛኛውን ጊዜ ኦክስጅን ሳይሆን ተጨምቆ የገባ ተራ አየር እንደሆነ? ከአየሩ ውስጥ ብዙው ናይትሮጅን ነው፤ ጥልቀት ውስጥ ወደ ደም ይገባል፣ ቀስ ብሎ ካልወጣም አረፋ ሆኖ ይጎዳል። ነገሩ ለእኛ አገር የሚብሰው እዚህ ላይ ነው። ከባሕር ወለል 300 ሜትር ከፍ ባለ ሐይቅ ውስጥ የሚጠልቅ ሰው የተለየ ሠንጠረዥ ይከተላል፤ ጣና ያለው ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። ጠላቂው ከውሃው ወጥቶ ያንኑ ዕለት ከወረታ የደብረ ታቦርን መንገድ ቢይዝ፣ ሽቅብ ወደ 900 ሜትር ገደማ ይወጣል። ይህም ጠልቆ ሳያርፍ አውሮፕላን የመሳፈር ያህል የሚያስፈራ ነው። ከአውሮፕላን በፊት የሚመከረው ዕረፍት አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ 18 ሰዓት ነው። ለፎገራ ጠላቂ እንግዲህ የደብረ ታቦር አውቶቡስም አውሮፕላን ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ጥልቀቱን ለዓሣ ትተን ወደ ጀልባው እንምጣ።

ያውቁ ኖሯል፣ ጣና ሞልቶ የሚታየው መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ሲሆን፣ እጅግ የሚጎድለው ክረምቱ ሊገባ ሲል ሰኔ ላይ እንደሆነ? በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ጥቂት ይመስላል፤ ዝርግ ዳርቻ ላይ ግን ብዙ ነው። የጨረጨራ ግድብ የዓባይን መውጫ መቆጣጠር ከጀመረ በኋላ፣ በ1995 ዓ.ም. ድርቁና ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውሃ ተደምረው ሐይቁን ከ1,785 ሜትር ከፍታ በታች አወረዱት፤ ትልልቆቹ ጀልባዎችም ለወራት ቆሙ። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ውሃው ገና አልሸሸም፣ ዝናቡም አባርቷል። እኔን ከጠየቁኝ ጥር፤ ጥምቀትም አለልዎ።

ያውቁ ኖሯል፣ ነሐሴ ላይ የፎገራ ሜዳ የቱ ጋ አልቆ ሐይቁ የቱ ጋ እንደሚጀምር ለመለየት እንደሚያስቸግር? በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅለዋል። ውሃው ሲሸሽ ገበሬው «ባሕር ሽሽ» በሚለው እርጥብ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ጎርፉ የሚተኛበት ሜዳ ለሩዝ የተመቸ መሆኑ የታወቀው ደግሞ ኋላ ነው፤ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አምጥተው የሞከሩት ዘር ዛሬም ኤክስ-ጅግና ይባላል፤ ጅግና የጎረቤቱ የደራ ወረዳ ቀበሌ ናት። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ነው።

በዚሁ ዳርቻ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እምቦጭ የሚባል የውሃ አረም አለ። የጀልባ ሞተር ከሚፈራቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ ሥሩ የሞተሩ መቅዘፊያ ላይ ከተጠመጠመ ጉዞው እዚያው ይቆማል። ከፎገራ በኩል መሳፈር የፈለገ ሰው ስለ ጀልባው ቀለም ሳይሆን ስለ ሰሞኑ ነፋስ ይጠይቅ፤ አረሙን ከዳር ዳር የሚነዳው ነፋሱ ነውና።

ያውቁ ኖሯል፣ ታንኳ ውሃ የሚጠጣ ጀልባ እንደሆነ? ከደንገል ይታሰራል፤ በሥራውም የታወቁት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች ናቸው። ከጉዞ መልስ ዳር ወጥቶ ካልደረቀ እየከበደ ይሄዳል፣ ከጥቂት ወራትም በላይ አያገለግልም። ተሳፋሪው ደንገሉ ላይ ይቀመጣል፤ መቀመጫው መርጠቡ አይቀርም። ቅርብ ለቅርብ ከታንኳ የተሻለ የለም፤ ደቅ ደሴት ድረስ ግን በሞተር ጀልባ ይሂዱ።

ያውቁ ኖሯል፣ ከዚያ ከማይታየው ውሃ ሥር የዓለም ሳይንቲስቶች የሚገረሙበት ዓሣ እንዳለ? የባሕር ዳር ሰው «ነጭ ዓሣ» የሚለው አንድ ዓሣ አይደለም፤ ተመራማሪዎች 15 ገደማ ዝርያዎች ለይተውበታል። መንጋጋቸው ጥርስ የለውም፤ ያም ሆኖ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ ለብቻቸው ተለያይተው የበዙ ናቸው። ብዙዎቹ በክረምት ጉማራንና ርብን ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ የወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ ሰው የሚይዘው እናቶቹን ነው። በብርዱ ወር ሐይቁ ውስጥ ናቸው።

ያውቁ ኖሯል፣ ከጣና የደሴት ገዳማት ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴቶችን እንደማያስገቡ? ከቤተሰብ ጋር ለሚሄድ የጀልባ ዋጋ ከመነጋገር በፊት ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ናርጋ ሥላሴን ግን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት፤ ሴቶችም ይገባሉ።

ያውቁ ኖሯል፣ ከቀትር በኋላ የጣና ነፋስ እንደሚበረታ? ማለዳ መስታወት የመሰለው ውሃ ከሰዓት በኋላ ትንሿን ጀልባ ያንገላታል። «ቁርስ በልተን እንነሣ» የሚል ባለጀልባ አይመረጥም። ላይፍ ጃኬቱም መቀመጫው ሥር መኖሩ አይበቃም፤ ቁልፉ የሚዘጋ መሆኑን ለብሰው ይዩት።

ያውቁ ኖሯል፣ ቢልሃርዝያ የሚይዘው ውሃውን በመጠጣት ሳይሆን በቆዳ በኩል እንደሆነ? ተሸካሚዋ ቀንድ አውጣ የምትወደው ሣር ያለበትን ዳር ነው፤ ጀልባው ዳር ሳይደርስ ጫማ አውልቆ ዘሎ የሚወርደውም ሰው የሚረግጠው እሱኑ ነው። ባለጀልባው እስኪያስጠጋ ይጠብቁ።