የሶላር ምሰሶን ያለ አደጋ ማውረድና ጉዳት ሲደርስ መጠገን

በአቃቂ ቃሊቲ በወንዝ ዳር አትክልት በመስኖ የሚያለሙ ከሆነ፣ የውኃ መሳቢያዎን ሶላር ሰሌዳ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ሰቅለውት ይሆናል። ከጥላና ከከብት ስለሚያድነው መልካም ነው። ሰሌዳውን ለመጠገን ወይም ክረምት ሳይገባ ከወንዙ ሙላት ለማራቅ ምሰሶውን ማውረድ ሲያስፈልግ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል።

መጀመሪያ ቀና ብለው ይመልከቱ። ምሰሶው ወደ የትኛውም ወገን ቢወድቅ የመብራት መስመር የሚነካ ከሆነ ሥራውን አይጀምሩ። ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ ይሥሩ። ሰሌዳው ብርሃን እስካየ ድረስ ኃይል ያመነጫል፤ ስለዚህ መሳቢያውን አጥፍተው ከዚያ በኋላ ሽቦውን ይንቀሉ። ሰሌዳው መሬት እንደደረሰም በወፍራም ጨርቅ ይሸፍኑት።

ከዚህ በታች ያለው ዘዴ ግርጌው በብሎን ለሚታጠፍ ምሰሶ ነው። ምሰሶዎ በቀጥታ የተቀበረ ከሆነ ሰሌዳውን አስቀድመው ፈትተው ያውርዱ። ሲተክሉት ግን ሁለት ጠንካራ አጫጭር እንጨቶች ቀብረው ምሰሶውን በመካከላቸው በብሎን ቢያጋጥሙት ለወደፊቱ ይገላገላሉ።

ምሰሶ ቀጥ ብሎ ሲቆም አይከብድም፤ የሚከብደው መሬት ሊደርስ ሲል ነው። ጫፉ ላይ ታስሮ ከኋላ መሬት ላይ ካለ ካስማ የመጣ ገመድ በዚያን ጊዜ ከምሰሶው ጋር ትይዩ ስለሚሆን ምንም አይይዝም። በሸራ ጀልባ የሚጓዙ ሰዎች የጀልባውን ምሰሶ ሲያወርዱ ይህንኑ ችግር የሚፈቱት በረዳት እንጨት ነው። እርስዎም 2 ሜትር ያህል እንጨት በምሰሶው ግርጌ፣ ምሰሶው ከሚወድቅበት በተቃራኒው ወገን፣ አግድም አድርገው ይሠሩ። የእንጨቱን ጫፍ ከምሰሶው ጫፍ ጋር በተወጠረ ገመድ ያገናኙ፤ ማውረጃውን ገመድ ደግሞ ከእንጨቱ ጫፍ ወደ ኋላ ይውሰዱት። ምሰሶው ሲጋደም ረዳቱ እንጨት ይቆማል፣ ገመዱም ከላይ ይይዛል።

ክብደቱን አይናቁት። 6 ሜትር የሆነና 40 ኪሎ የሚመዝን ምሰሶ 20 ኪሎ ሰሌዳ ቢሸከም፣ በመጨረሻው ላይ ገመዱ የሚይዘው ከ120 ኪሎ በላይ ነው። በእጅ አይያዝም። ገመዱን በጠንካራ ዛፍ ወይም በጥልቅ በተቀበረ ካስማ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠምዝዘው ቀስ በቀስ ይልቀቁት፤ እጅዎ ላይ ግን አይጠምጥሙት። ምሰሶው እንዳይወላገድ የግራና የቀኝ ገመዶች ያስፈልጋሉ፤ ካስማቸው ከመታጠፊያው ብሎን ጋር በአንድ መስመር ካልሆነ ሲወርድ ይወጠራሉ ወይም ይላላሉ። ረዳቱ እንጨትም ወደ ጎን እንዳይዞር በግራና በቀኝ ይታሰር። ልጆችና ተመልካቾች ከምሰሶው ርዝመት በላይ ይራቁ።

ተጎድቶ ከተገኘስ? ምሰሶው በርዝመቱ ጥቂት ከተሰነጠቀ ከሁለት ወገን እንጨት ደርበው በብሎን ያስሩት፤ አግድም ከተሰበረ ወይም ግርጌው ከበሰበሰ ይተኩት። የተበጣጠሰ የሽቦ ገመድ አይቀጠልም። አዲሱን በማያያዣ ሲያስሩ የተጠማዘዘው ብሎን በአጭሩ ጫፍ በኩል ይሁን፤ በተቃራኒው ከሆነ ጭነት የሚሸከመውን ገመድ ይጨፈልቀዋል። መስታወቱ የተሰነጠቀ ሰሌዳ ለጊዜው ቢሠራም ውኃ ስለሚያስገባና ኃይል ስለሚያፈስ በፕላስተር አይታለል፤ በእርጥብ እጅ ሳይነኩት ይቀይሩት።