አዳሩን የሚሞላ መኪና

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም ካስታወቀ ወዲህ፣ ጅማም ሆነ አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት አዲስ አውቶሞቢል ልግዛ የሚል ሰው ምርጫው የኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። አዲስ አበባ ላይ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም ክፍያው በቴሌብር የሚፈጸም ፈጣን የቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ከፍቷል። እንደ ጅማ ያሉ የቡና ከተሞች ግን በዚህ ዓይነቱ መጀመር ያለባቸው አይመስለኝም።

ቻርጀር ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካ ገመድ ነው። በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል፤ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባዶ ባትሪ ለመሙላት ከአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት በላይ ይፈጅበታል። ሁለተኛው ግድግዳ ላይ የሚታሰር ሳጥን ሲሆን በ32 አምፔር 7 ኪሎዋት ያህል ይሰጣል። ማታ ሁለት ሰዓት የሰካ ሰው ንጋት ላይ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ሞልቶ ያገኘዋል። ሦስተኛው ፈጣኑ ነው፤ 60፣ 120 ኪሎዋትና ከዚያም በላይ የሚሰጥ፣ ባትሪውን በሰዓት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ አብዛኛውን የሚሞላ።

እዚህ አገር የሚነዱት አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ቻይና የተሠሩ ስለሆኑ መሰኪያቸውም የቻይና ነው። ክዳኑን ከፍቶ ያየ ሰው ሁለት የተለያዩ መሰኪያዎች ያገኛል፤ የዝግታው ሰባት እግር፣ የፈጣኑ ዘጠኝ እግር አለው። ከዘጠኙ ባትሪውን የሚሞሉት ሁለቱ ወፋፍራሞች ብቻ ናቸው። አንዱ የመሬት መስመር ነው፤ ከቀሩት ቀጫጭኖች የሚበዙት ቻርጀሩና መኪናው የሚነጋገሩባቸው ናቸው። ባትሪው ስንት ቮልት እንደሚችል፣ ምን ያህል እንደሞላ፣ ሙቀቱ የት እንደደረሰ ይጠያየቃሉ፤ ንግግሩ ከተቋረጠ ኃይሉም ይቆማል። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ መኪና ግን መሰኪያው ሌላ ስለሆነ፣ ጣቢያ ለመክፈት ያሰበ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

አሁን መንገዱን እንይ። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ በረሃ 800 ሜትር ያህል ይወርዳል፣ ከዚያ አበልቲ ድረስ ዳገት ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ለመውጣት ብቻ ከ4 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ያወጣል። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ እንደ ዲናሞ እየሠራ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፣ ሁሉንም ግን አይመልስም። 60 ኪሎዋት ሰዓት የያዘ መኪና መንገድ ላይ ሳይሞላ ጅማ ቢደርስ እንኳ የሚደርሰው ባዶውን ሊሆን ነው። ስለዚህ የፈጣኑ ቻርጀር ቦታ መሐል መንገድ ላይ ያለችው ወልቂጤ ናት፤ ተጓዡ ምሳውን እስኪበላ መኪናው ይሞላለታል።

ጅማ የገባ እንግዳ ግን አይቸኩልም፤ ያድራል። ቡና ሊገዛ የመጣ ነጋዴም፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሊያደርስ የመጣ ወላጅም መኪናውን ሆቴል ግቢ አቁሞ ነው የሚተኛው። ለእሱ የሚበቃው 7 ኪሎዋቱ ነው፤ ይህም የሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ጉልበት ቢሆን ነው። 120 ኪሎዋቱ ግን ለብቻው ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ ወጪው ከባድ ነው፣ መብራት ሲጠፋም ወረፋ የያዘው ሁሉ ይቆማል። አዳሩን የሚሞላ መኪና ሁለት ሰዓት መብራት ቢጠፋበት እንኳ ሌሊቱ ያካክስለታል። ጊንጆን በመሰለ የጅማ ሰፈር ውስጥ ግቢ ያለው ነዋሪም በዚሁ ሳጥን ይገላገላል።

ኃይሉ ራሱ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። 184 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ የሚገኘው እዚያው ጅማ ዞን ውስጥ ነው።

የሆቴልና የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች ሆይ፣ የመኪና ማቆሚያችሁ ጥግ ላይ ሁለት ሳጥን አስገጥሙ። ከሁሉ በፊት ግን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጥሩና የመሬት መስመሩን፣ የገመዱን ውፍረትና ብሬከሩን አስፈትሹ፤ ሌሊቱን ሙሉ 32 አምፔር የሚሸከም ቀጭን ገመድ ቤት ያቃጥላል።