ተጨማሪ መረጃ፦ የፎገራን ወፎችና የወረታን ሰማይ ሳይንቀጠቀጡ ማየት

ከወረታ እስከ ጣና ሐይቅ የተዘረጋው፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ የወፎች አገር ነው። በበጋ ወራት ከአውሮፓ የሚመጡ ክሬኖች፣ ከነዋሪው ባለዘውድ ጥቁር ክሬን ጋር፣ በታጨደው ማሳ ላይ ይሰማራሉ። ሰው ሲቀርባቸው ስለሚበሩ በሩቁ ማየት ግድ ነው።

10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር የእጅን መንቀጥቀጥም 10 ጊዜ ያጎላዋል። ባለሦስት እግር ማቆሚያ (ትራይፖድ) ይህን ያስቀራል፤ ሆኖም ተራው ማቆሚያ ብሎኑ ሲጠብቅ ትንሽ ስለሚንሸራተት ያነጣጠሩት ወፍ ከእይታ ይወጣል። መፍትሔው በጥርስ የሚሠራ ማስተካከያ ያለው የማቆሚያ ራስ ነው። አንዱ እጀታ ወደ ጎን፣ ሌላው ወደ ላይና ወደ ታች በጥቂት በጥቂቱ ያንቀሳቅሳል፤ ማላላትና ማጥበቅ አያስፈልግም።

ጥቅሙ ይበልጥ የሚታየው ማታ ነው። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ጨረቃ የራሷን ስፋት ያህል ለመሄድ 2 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይበቃታል። 1 ዲግሪ ስፋት በሚያሳይ ቴሌስኮፕ መሐል ላይ ያደረጓት ጁፒተርም በ2 ደቂቃ ውስጥ ጠርዝ ትደርሳለች፤ እጀታውን ቀስ እያሉ በማዞር ግን መከተል ይቻላል። ወረታ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነች ፕላኔቶች ብዙ ጊዜ በአናት አቅራቢያ ያልፋሉ። የማቆሚያው ራስ በጣም የሚያስቸግረው እዚያ ሲያነጣጥሩ ነውና ዝቅ እስኪሉ መጠበቅ ይሻላል።

የፎገራ ዋልካ አፈር እርጥብ ሲሆን የማቆሚያውን እግሮች ስለሚውጥ ከሥራቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ ያድርጉ። በመነጽርም ሆነ በቴሌስኮፕ፣ ፊት ለፊቱ ተገቢው ማጣሪያ ሳይገጠም፣ ፀሐይን በፍጹም አይመልከቱ፤ ዓይን ያሳውራል።